ሁለት ሰው፣ አንድ ጄሪካን

ሐዋሳ፣ 2017 ዓ.ም.

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የአትክልት ቦታ የምናደርገውን መሬት ዛሬ አሳዩን። ከዩኒቨርሲቲው ዶርሞች ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ነው። በእርምጃ ስለካው ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 15 ሆነ። ፌስታልና የተሰባበረ ብሎኬት ሞልቶበታል። አፈሩ አሸዋማ ነው፤ እርጥቡን ጨብጠው ሲለቁት ይበተናል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ነጭ ድንጋይም አለበት፤ ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የቀረ። ለካሮትና ለድንች ጥሩ ነው። ውሃ ግን አይዝም። ጥር ላይ ያስጨንቀናል ብዬ እፈራለሁ።

ለምን እንደጀመርነው ልጻፍ። ምደባ ከሁሉም የአገሪቱ ጫፍ ልጅ ያመጣል። ፍሬሽ እያለን ሁሉም ከሁሉም ጋር ነው፤ ማንም ማንንም አያውቅማ። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ካፌ ገብታችሁ ጠረጴዛዎቹን አዳምጡ። አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ሶማሊኛ፣ አንዱ ትግርኛ፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ወላይትኛ። ጠብ የለም። ግን ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተኝተን የእናቷን ስም እንኳ የማላውቀው የዶርም ልጅ አለችኝ። ይህ ነው ያሳሰበኝ፤ አትክልቱም አብሮ ለመሥራት ሰበብ እንዲሆን ነው።

የልጆቹን ስም እዚህ አልጽፍም። እርስ በርስ እንደምንጠራራው በአገራቸው ልጥራቸው። እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። ስለ አትክልት የማውቀው እናቴ በቆርቆሮ የተከለችውን ጤና አዳም ብቻ ነው።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ቀን ተነጋገርን። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ጁምዓ አለ። ቅዳሜ ይሁን ስንል ደብረ ታቦር እጇን አወጣች። እነሱ ቤት ቅዳሜ መሬት አይቆፈርም፤ ቀዳሚት ሰንበት ናት። ከወላይታ ሶዶ የመጣ አንድ አድቬንቲስት ልጅም «ለእኔም ሰንበት ነው» አለ። ሁለቱ ተያዩ። በአንድ ቀን ምክንያት ሊስማሙ ይችላሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ላብራቶሪ አለ። ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ቀረን፤ ሐሙስ ሆነ።

ይህን ስብሰባ በችኮላ አለማለፋችን ጥሩ ነበር። የሰውን ሳምንት ሳያውቁ ሥራ መጥራት አይቻልም።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ትልቅ ቀን! 41 ሰው መጣ። ዶማና አካፋ ከአትክልተኞቹ ተዋስን። ቆሻሻውን አወጣን፣ ቆፈርን፣ አሥር መደብ አወጣን፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር በ5 ሜትር። ተዘፈነ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦና ሻይ ቀረበ። ቆስጣ ዘራን። ለጎመንና ለሽንኩርት የችግኝ መደብ አዘጋጀን። ሽንኩርቱ ቦምቤ ሬድ የሚባለው ዝርያ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩትም። «የፈለጋችሁትን መደብ ያዙ» አልን። ሲመሽ ዞር ብዬ ሳይ አሥሩም መደብ እንደ ካፌው ጠረጴዛ ሆኗል። በየመደቡ አንድ ቋንቋ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

አሥራ አንድ ሰው።

ያለፈው እሑድ ኅዳር 29 ነበር፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን። ግቢው አምሮበት ነበር። ሁሉም የባህል ልብሱን ለብሶ ጨፈረ፤ እኔም ጨፈርኩ፤ ደስ ይላል። ሰኞ ግን ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። የእኛም ኅዳር 19 እንደዚያው ነበር። ሰው መጣ፣ አየ፣ በላ፣ ሄደ። የሚያስመልሰው ዕዳ አልነበረበትም።

ከአሥራ አንዳችን አንዱ ከጋምቤላ የመጣው ኢታንግ ነው። ደርቆ የተሰነጠቀውን የችግኝ መደብ ጎንበስ ብሎ እያየ «ይሄ እኮ የማንም ስላልሆነ ነው» አለ። ከዚያ በቀር ዛሬ የረባ ነገር አልተናገርንም።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ዛሬ የተማርኩትን በደንብ ልጻፍ።

ቡና የምታፈላው እትዬ ጋ ተቀምጠን ነበር። ነገሩን ደብረ ታቦር አነሣችው። «የጠራነው ደቦ ነው። ደቦ ደግሞ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ጠላውንና እንጀራውን አዘጋጅቶ ይጠራል፣ ጎረቤት ሠርቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። እዚህ ባለቤት የለም። እኛ የሚያስፈልገን ወንፈል ነው።»

ለከተማ ልጅ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። ወንፈል ብድር ነው። አንድ ቀን ከሠራሁልህ አንድ ቀን ትመልስልኛለህ። ቀኑ ይቆጠራል።

ነቀምቴ ወዲያው ገባው፤ «ዳዶ ነዋ!» አለ። ሶዶ ዳጎ ስለሚባለው የነሱ የኅብረት ሥራ ነገረን። ጅግጅጋ አያቷ ጉድጓድ ላይ ግመል የሚያጠጡት በተራ እንደነበር ተናገረች፤ ተራ ያሳለፈ ሰው ከብቱን ይዞ ነው የሚጠብቀው። እስከዚያ ዝም ብሎ የነበረው አክሱም ነበር። እሱ ልፍንቲን አነሣ። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን መሬት ያርሳሉ። «አንድ በሬ ይዘህ ምንም አታርስም» አለ። ደብረ ታቦር ስኒዋን አስቀመጠችና «እኛ ጋ መቀናጆ ነው የሚባለው» አለችው።

ከዚህ ወሬ ነው ደንባችን የወጣው። አሥራ አንዳችን ሦስት ሰው ጎትተን 14 ሆንን። ሰባት ጥንድ፤ ለየቀኑ አንድ ጥንድ። ጥንዱ በዕጣ ይወጣል። አፍ የፈቱበት ቋንቋ ወይም ዲፓርትመንት ከገጠመ ዕጣው ይደገማል። የግል መደብ የለም፤ የቀኑ ጥንድ አሥሩንም ያጠጣል። መምጣት ያልቻለ ከሌላ ሰው ቀን ይበደራል። ብድሩ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ይመለሳል።

ዕጣው ለእኔ ኢታንግን አወጣ። ጅግጅጋ ከነቀምቴ ወጣች። አክሱም ከደብረ ታቦር። ይህ ሲነበብ ጥቂት ዝምታ ሆነ። ይደገም ያለ ግን አልነበረም።

ካሮትም ዘርተናል።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ስለ ጄሪካን።

ቧንቧው 150 እርምጃ ይርቃል። ባለ 20 ሊትሩን ጄሪካን ብቻውን የሚሸከም ሰው ሦስተኛው ላይ ይደክመዋል። አሥሩን መደብ ለማዳረስ ደግሞ 12 ጄሪካን ይፈልጋል፤ 240 ሊትር። ሶዶ መላ አመጣ፤ በጄሪካኑ እጀታ ዱላ አሾልኮ ለሁለት መያዝ። ቀላል ነው። ግን እርምጃ መግጠም አለበት። አንዱ ከፈጠነ ውሃው ይወዛወዛል፣ ዱላው እጅ ይልጣል።

ኢታንግ በጣም ረጅም ነው። የመጀመሪያ ቀን ዱላው ወደ እኔ አዘቀዘቀና ሸክሙ ሁሉ እየተንሸራተተ እኔ ላይ መጣ። አልተናገርኩም። አምስተኛው ላይ ራሱ አየው። ቆመና የእሱን ጫፍ በተዘረጋ እጁ ዝቅ አድርጎ ያዘ፤ የእኔን ትከሻዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ዱላው ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የምንሄደው።

መንገድ ላይ ምን ይወራል? መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ ስለ ውሃ፤ በእጃችን ያለው እሱ ነዋ። በኑዌር ፒው ነው። እንደዚህ ነው የጀመርነው። አሁን ሁላችንም የሁላችንንም ውሃ እናውቃለን። ቢሻን፣ ማይ፣ ሃታ፣ ቢዮ፣ ፒው።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ካሮቱ በቀለ! ልክ በአሥራ አራተኛ ቀኑ። ክር የመሰለ ነው፤ አረም መስሏቸው ሊነቅሉት የነበሩ አሉ።

የጎመን ችግኙን አዛወርን፣ በመካከሉ 40 ሳንቲ ሜትር። ምልክት ስንተክል «በየትኛው ቋንቋ እንጻፍ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። በሁሉም ተጻፈ። ጎመን፣ ራፉ፣ ሓምሊ፣ ሳንታ፣ ሻና። የመጨረሻው ሲዳምኛ ነው። እሱን የጻፉልን ጥበቃው ጋሼ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በባትሪ እየዞሩ ያዩልናል።

ሶዶ ከዘመድ ቤት እንሰት ይዞ መጣ። ሐዋሳ አውቶቡስ ላይ አሚቾ፣ ማለትም የእንሰቱን ወፍራም ሥር፣ ይዞ መውረድ ማንንም አያስገርምም። ከላይ ያለውን ግንድ ቆርጦ ጣለ። የመካከሉን ቡቃያ በቢላ ፈልፍሎ አወጣ። ደርቆ እንዲያድር አደረገና በማግሥቱ ከፋንድያ ጋር ቀበረው። እንሰት ሲቀብሩ አይቼ አላውቅም። የመካከሉ ቡቃያ ሲወጣ ከዳር ዳሩ ብዙ ችግኝ ይሰጣል አለን። ከአንድ አሚቾ በአሥር የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ። ወላይታ ኡታ ይለዋል፣ ጉራጌ አሰት፣ ኦሮሞ ወርቄ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

የእርሻ ተማሪዎቻችን አስቸገሩ። ሁለት ናቸው፣ ጎበዞች ናቸው፣ ልባቸውም ደግ ነው። ግን ሁልጊዜ ያዛሉ። «እንደዚህ አይያዝም፣ ወደዚያ በይ፣ ልቀቂው።» አንዷ ልጅ መኮትኮቻዋን አስቀምጣ ሄደች።

ሳይኮሎጂ የምታጠናው ልጃችን ክፍል የተማረችውን አመጣችልን። ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 የጻፈው ነው። የተለያዩ ሰዎች ስለተገናኙ ብቻ አይቀራረቡም። እኩል ሆነው መቆም አለባቸው፣ የጋራ ግብ መኖር አለበት፣ አንዱ ያለሌላው እዚያ የማይደርስ መሆን አለበት፣ ከበላይም ድጋፍ ያስፈልጋል። ሦስቱ አሉን። እኩልነቱ ጎድሎናል።

ስለዚህ በየሐሙሱ አንድ ሰው ከቤቱ የሚያውቀውን ያስተምራል፤ የዚያ ቀን አዛዥ እሱ ብቻ ነው። የዛሬው ኢታንግ ነበር። የባሚያ ዘር ትናንት ማታ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ አድሯል። አዘራሩን አሳየን፤ የእርሻ ተማሪዎቹም ተንበርክከው ዘሩ። አንደኛው «እኛ ባሚያ የተማርነው በወረቀት ነው» አለ።

ሽንኩርቱንም ተከልን፣ በ10 ሳንቲ ሜትር።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ፋይናል ደርሷል፣ ሁሉም እየቸከለ ነው። ጎመኑ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወጣ። በሳሙና ውሃ ረጨነው፣ አመድም ነሰነስን። ብድር ደብተሩ ሞልቷል። የኔ ሁለት ቀን ዕዳ አለብኝ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ጅግጅጋ አንድ ሳምንት አልመጣችም። ምክንያቱን ዘግይቼ ሰማሁ። አንድ ልጅ አማርኛዋ ላይ ስቆ ነበር፤ «አንተ» እና «አንቺ»ን ስታቀያይር። በክፋት አልነበረም ይሆናል። ለሚሳቅበት ሰው ግን ልዩነት የለውም።

መፍትሔውን ያመጣው ጥንዷ ነቀምቴ ነው። ይቅርታ ጠይቁ አላለም፣ ስብሰባም አልጠራም። ዶርሟ በር ላይ ቆሞ «ጄሪካን በሶማሊኛ መቁጠር አስተምሪኝ» ብሎ አስጠራት። ኮው፣ ለባ፣ ሰደህ፣ አፈር፣ ሸን። አራተኛው ላይ «አፈር» ስትለው ጄሪካኑን አስቀምጦ መሬት መሬት አየ። አፈር በሶማሊኛ አራት ነው! እሷ እስክታለቅስ ሳቀች። አሁን ግማሻችን የምንቆጥረው በሶማሊኛ ነው፤ ስንሳሳት የምታርመን እሷ ናት። የሳቀባት ልጅም በየቀኑ ይታረማል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ዛሬ ግቢው ደስ አይልም። ከትናንት ማታ ጀምሮ በስልክ የሚዞር ወሬ አለ። እውነቱን ማንም አያውቅም። ሁሉም ወደየወገኑ ዶርም ገብቷል። ካፌው ግማሹ ባዶ ነበር። እናቴ ሦስቴ ደወለች፣ እንዳትወጪ ብላ።

ሐሙስ የአክሱምና የደብረ ታቦር ቀን ነው። አክሱም 23 ዓመቱ ነው፣ ገና ሁለተኛ ዓመት። ከጥቅምት 2013 በኋላ በትግራዩ ጦርነት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ዓመታት አሉ። እሷም ከዚያው ጦርነት የራሷ ሐዘን አላት።

11 ሰዓት ላይ በመስኮት አየሁ። ሁለቱ ዱላውን ይዘው ከቧንቧው ይመጣሉ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ጄሪካን። አንዱንም አላጎደሉም። ሲጨርሱ ጫፍ ለጫፍ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ታጠቡ።

ማታ ለምን እንደወጣች ጠየቅኳት። «ሽንኩርቱ ከተተከለ አምስት ሳምንቱ ነው፤ ይህ አሸዋ ውሃ አያሳድርም። ደግሞስ ብቻውን እንዴት ይሸከማል?» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ስለ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው ያወሩት። የሁለቱም እናቶች ይተክላሉ። ከወር በኋላ አንድ ቀን «ያኔ የት ነበርክ?» አለችው። ነገራት። እሷም ነገረችው። የተነጋገሩትን አልጠየቅኩም፤ እዚህ የሚጻፍም አይደለም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ነው፣ ረመዳን የካቲት 22። ዘንድሮ ገጥመዋል። ከ14ታችን አብዛኞቻችን ጾመኛ ነን። ጅግጅጋ ውሃ ሳትጠጣ ውሃ ስትሸከም ማየት ከበደኝ፤ «ተይው» ስላት ግን ተቆጣችኝ። ማጠጫውን ሰዓት ወደ ማለዳ አዛወርነው፤ ገና ፀሐይ ሳትበረታ።

ዛሬ ማታ ቆስጣና ጎመን ቆርጠን እትዬ ምድጃ ላይ በዘይት ሠራን። ቅቤ የለው፣ ሥጋ የለው፤ ለሁሉም ጾመኛ ይሆናል። ጅግጅጋ ተምርና ሳምቡሳ አመጣች። አዛን እስኪል ማንም እጁን አልዘረጋም። ደብረ ታቦር ከ9 ሰዓት ጀምሮ መብላት ትችል ነበር። አልበላችም፤ ጠበቀች። እትዬ ይህን አይተው «ልጆቼ» አሉን፤ ቡናውን በነፃ ሰጡን። አተላውን ደግሞ ለብስባሹ ወሰድን።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ብዙ ነገር በአንድ ላይ። ዝናብ ጀምሯል። ካሮቱ ተነቀለ። ባሚያው አፈራ፤ ኢታንግ ለስላሳ እያለ በየሁለት ቀኑ ካልተለቀመ ይጠነክራል አለን። ደርቆ ሲፈጭ ወይካ ይሆናል፣ ወጥ ያወፍራል።

ጦጦች መጥተው ካሮት በልተዋል። ሐዋሳ ነው፤ ይጠበቃል። የጠዋቱ ጥንድ ማልዶ መድረስ እንዳለበት ተስማማን።

እንሰቱ! ሶዶ በሩጫ መጥቶ ጠራን። ከመሬት እንደ ጦር የወጡ ቡቃያዎች፣ እስካሁን 23። ዙሪያውን ቆመን አየን። መካከሉን ሲፈለፍለው የሞተ መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ፋሲካ አለፈ፣ ኢድም ቀደም ብሎ አልፏል። አሁን እውነቱን ልጻፍ፤ ሌላ ግቢ የሚሞክረው ካለ ይጠቅመዋል።

ሰባቱም ጥንዶች ወዳጅ አልሆኑም። ሁለቱ ውሃ አጠጥተው ይለያያሉ፣ በቃ። ይህም ያስከብራቸዋል፤ ቀናቸውን አላጎደሉም። አንድ ጥንድ ተጣልቶ በዕጣ ቀየርነው። የቀሩት አራቱ ግን ዶርም ይጠያየቃሉ። ነቀምቴ ለኢድ ጅግጅጋ ዘመዶች ጋ ሄዶ ነበር፣ እዚሁ ሐዋሳ። እኔና ኢታንግ ካፌ የምንበላው አብረን ነው። መጀመሪያ ጓደኞቹ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ የእኔ፣ አሁን የማን እንደሆነ አላውቅም።

የዶርሜን ልጅም ጠየቅኳት፤ የእናቷን ስም አሁን አውቀዋለሁ። እሷ አትክልት ቦታ መጥታ አታውቅም። ለመጠየቅ የደፈርኩት ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

ቢደገም 41 ሰው አልጠራም። በ14 እጀምራለሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ዕጣ አወጣለሁ፣ ፎቶውን አቆያለሁ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቶ ነቀልነው። ጥላ ላይ ተሰጥቶ እየደረቀ ነው። ግማሹ ለእትዬና ለጥበቃው ጋሼ፣ ግማሹ ለእኛ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ሻንጣ እየታሰረ ነው። ክረምቱን ዝናቡ ያጠጣል፤ ጋሼ ጎመኑን እየቀነጠቡ ይጠብቁልናል። የእንሰት ችግኙ ግን ገና ነው። የሚዛወረው የሚመጣው ዓመት ነው፣ የሚበላው ከዚያም ከብዙ ዓመት በኋላ። ያኔ ማናችንም እዚህ አንኖርም። ሶዶ ደብተሩ ላይ አተካከሉን ለፍሬሾቹ ጽፎላቸዋል፣ ሦስት ገጽ ሙሉ፣ ከነሥዕሉ።

ለዘር የተውነውን ባሚያ ዛሬ ፈለፈልን። ኢታንግ በወረቀት እየጠቀለለ አደለን። ለደብረ ታቦር ሲሰጣት «ደጋ አይሆንም፣ ሐዋሳ መልሰሽ አምጪው» አላት። አክሱም እጁን ዘረጋ። «ያንተም አገር ደጋ ነው» አለው።

«ተከዜ ዳር አክስት አለችኝ» አለ አክሱም።

ኢታንግ አሰበና ሁለት ጥቅል ሰጠው።

ጄሪካኖቹን አጥበን ገልብጠን አስቀመጥን። ቁልፉ ጋሼ ጋ ነው። ደብተሩ ላይ አንድ ያልተመለሰ ቀን አለ፣ የእኔ። ለኢታንግ መስከረም ላይ እከፍላለሁ።